መቶ ዓመት ያለፈው ጊዜያዊ ሰፈር

ከፈረንሳይኛ ሾልከው አማርኛችን ውስጥ የገቡ ሁለት ቃላት በአንድ ሐዲድ ጫፍና ጫፍ ተቀምጠዋል። አዲስ አበባ ላይ «ላ ጋር» የተባለው ባቡር ጣቢያ ለገሃር ሆኖ ቀረ። ጅቡቲ ላይ ደግሞ ሰፈር ማለት የሆነው «ካርቲየ» ቁጥር እየተቀጠለበት የሰፈሮች ሁሉ ስም ሆነ፦ ካርቲየ 1፣ ካርቲየ 2፣ እንዲህ እያለ እስከ 7። ጅቡቲ ኖሬ መጣሁ ለሚል ኢትዮጵያዊ፣ አገሩን ለሚያውቅ ሰው ተከታዩ ጥያቄ «ካርቲየ ስንት?» ነው። ቁጥሩ ሲነገር ኑሮው ይታወቃል።

ይህ ትረካ የመጀመሪያው ቁጥር ታሪክ ነው። (ካልተለየ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጅቡቲ የምትቆጥረው በዚያ ነውና።)

ሰፈሩ ከመኖሩ በፊት ከተማዋም አልነበረችም። የሐረር ሲራራ ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወርደው በዘይላ በኩል ነበር፤ የሸዋው ደግሞ በአፋር በረሃ አቋርጦ ታጁራ ይደርሳል። ፈረንሳዮች በ1862 ከአፋር ባላባቶች ጋር ተዋውለው ኦቦክን ያዙ፤ ከያዙት በኋላ ግን ሃያ ዓመት ያህል እምብዛም አልነኩትም። በ1884 ሊዮንስ ላጋርድ የሚባል ወጣት ሹም ላኩ። ላጋርድ ብዙም ሳይቆይ ኦቦክ እንደማያዋጣ ገባው፤ መርከብ ከነፋስ የሚጠለልበት ወደብ የለውም፣ ወደ ሐረር የሚወስደውም መንገድ ሩቅና አስቸጋሪ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በስተደቡብ፣ የኮራል ድንጋይ ጉብታዎች ከጥልቀት የለሹ ባሕር ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። አጠገባቸው የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አለ፤ አሸዋው ሲቆፈር የሚጠጣ ውኃ ይወጣል። ግመልና ሰው የሚያጠጣ ጉድጓድ ያለበት ቦታ፣ በዚያ ምድር፣ ግማሽ ከተማ ማለት ነው።

በ1885 ላጋርድ ከኢሳ ባላባቶች ጋር ተዋዋለ፤ በየካቲት 1888 ፈረንሳይና እንግሊዝ ዘይላን ለእንግሊዝ፣ ጅቡቲን ለፈረንሳይ ብለው ድንበራቸውን ለዩ፤ ግንባታውም በዚያው ዓመት ተጀመረ። በ1890ዎቹ አስተዳደሩ ጠቅልሎ ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፤ ቅኝ ግዛቱም በ1896 «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» የሚል ስም ወጣለት።

ከተማዋ ስትቆረቆር መሬቱ ራሱ ሰውን ለየ። ከፍ ያሉት ጉብታዎች (ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፕላቶ ዱ ማራቡ፣ ፕላቶ ደ ጅቡቲ) የባሕር ነፋስ ያገኛሉ፤ ውኃም አይተኛባቸውም። እነዚያን ሹማምንቱና ኩባንያዎቹ ያዙ፤ ጉብታዎቹንም በአፈርና በድንጋይ ድልድል አያያዟቸው። ለግንብ የሚሆነው ድንጋይ ከባሕሩ ይወጣ ነበር፤ ነጭ፣ ባለ ቀዳዳ፣ በኖራ ሲለሰን የሚያበራ የኮራል ድንጋይ። ሀብታም የየመን፣ የሕንድና የግሪክ ነጋዴዎችም በዚሁ ድንጋይ ባለ ቅስት በረንዳ ቤቶች ሠሩ። ዛሬ የፈረሰም የታደሰም ሆኖ በመሐል ከተማው የሚታየው ያ ነው።

ከጉብታዎቹ በስተደቡብ ያለው ለጥ ያለ ረግረግ ለቀረው ሰው ቀረ። ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም፤ ማዕበሉ ሲሞላ መሬቱ ያላባል፣ ሲደርቅ የጨው ቅርፊት ያወጣል። ሰፋሪዎቹ አረብኛውን ተውሰው በንደር ጀዲድ አሉት፤ አዲሱ ወደብ እንደማለት ነው። ሶማሌዎቹ ደግሞ መጋላ ይሉታል፤ ከተማ ማለታቸው ነው። ድሬዳዋን ለሚያውቅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዚራና መጋላ፣ ለጌታውና ለሠራተኛው፣ ያው መልክ ነው። ልዩነቱ፣ የድሬዳዋው መጋላ ውኃው የሚሸሽበት ደረቅ ወንዝ ዳር ሲያርፍ፣ የጅቡቲው ውኃው በሚተኛበት አረፈ።

በመጀመሪያ የሰፈሩት ቤት የሚባል አልሠሩም። የሶማሌ አርብቶ አደር ከቅርንጫፍ ጎብጦ ምንጣፍ የሚለብሰውን ቤቱን በግመል ጭኖ አምጥቶ ተከለ፤ የመናዊው ከጭራሮና ከሰሌን ዳስ ጣለ። ከዚያ መርከቦች እየበዙ ሲመጡ ሌላ ዕቃ ተገኘ፦ የሸቀጥ ሳጥን ጣውላ፣ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የጋዝ ጣሳ፣ የተጣለ ሸራ። ከሰፈሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ገበያ እስከ ዛሬ «ሌ ኬስ» ይባላል፣ ሳጥኖቹ ማለት ነው።

ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ግን ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሸፍኖ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1897 ከጅቡቲ ቁፋሮው ተጀመረ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ማብቂያ ነው። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተካና አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1917 ፈጀ፤ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ውስጥ ጅቡቲ ምድር ላይ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ለዚህ ሁሉ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ብረት የሚሸከም፣ ከመርከብ ከሰል የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል። ሶማሌው ከየአቅጣጫው፣ አፋሩ ከታጁራ፣ የመናዊው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ የኛም ሰው ከሐረር ደጋ እየወረደ መጣ። ቀን ወደብና ጣቢያ፣ ማታ በንደር ጀዲድ።

እዚህ ላይ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ የሳር ክዳኗን ጥላ ቆርቆሮ የለበሰችው በዚሁ ሐዲድ ነው። ክምር ክምር ቆርቆሮ ከመርከብ ወርዶ፣ በበንደር ጀዲድ ወዛደር ትከሻ አልፎ፣ ባቡር ላይ ተጭኖ ወደ ሸዋ ይወጣል። ተሸካሚው ራሱ ማታ የሚገባበት ቤት ጣራው ጣሳ ነው። ቆርቆሮው ለእሱም ደረሰው፤ ግን ዘግይቶ፣ ሁለተኛ እጅ ሆኖ።

በ1906 ሐጂ ሐሙዲ የሚባሉ የመናዊ ነጋዴ ከአውሮፓውያኑ ከተማና ከበንደር ጀዲድ መገናኛ ላይ መስጊድ አሠሩ። አጠገቡ የተከፈተው አደባባይ ኋላ በባለቅኔው በአርቲር ረምቦ ስም ተጠራ። ረምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በታጁራ በኩል ያለፈ ሰው ነው፤ በዚያ አደባባይ ቆሞ አያውቅም፣ ከተማዋ ሳትኖር ነበር ያለፈው። የሐሙዲ መስጊድ ነጭ ሚናሬት ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ አቅጣጫ የሚለይበት ምልክት ሆነ። ከሚናሬቱ ጀርባ፣ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ፣ ካርቲየ 1 ነው።

የቤቶቹ ነገር የተቋጠረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር መሬቱ የመንግሥት ነው አለ። በጉብታዎቹ ላይ ለሚሠራ ሰው ቦታው በስሙ ይመዘገብለታል፤ ያወርሳል፣ ይሸጣል፣ በባንክ ያስይዛል። በበንደር ጀዲድ ለሚሰፍረው ግን የሚሰጠው ጊዜያዊ የይዞታ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚፈቅደው ቀላል ቤት ብቻ ነው፤ እንጨት፣ ጣውላ፣ ቆርቆሮ። ድንጋይ መደርደር፣ መሠረት ማውጣት አይፈቀድም፤ ነገ ቦታው ለሌላ ሥራ ቢፈለግ ነዋሪው ጣውላውን ነቅሎ እንዲሄድ። ነዋሪውን «ለምን ደህና ቤት አትሠራም?» ማለት ለዚህ ነው ነውር የሚመስለኝ። ደህና ቤት ቢሠራ ሕግ ያፈርስበት ነበር።

ሰፈሩም በዚያው ደንብ በገመድ ተለካ። ጎዳናዎች ቀጥ ብለው ተሠመሩ፣ ስም የሚሰጣቸው ጠፍቶ ቁጥር ተሰጣቸው፤ አቬኑ 13፣ አቬኑ 26። ሰፈሮቹም እንዲሁ ተቆጠሩ። ካርታ ላይ ሲያዩት የደብተር ካሬ ይመስላል። ሲገቡበት ግን ካሬው ይጠፋል።

እስቲ አንዱን ግቢ እንይ። ከመንገዱ ፊት ለፊት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የጣውላ ግድግዳ አለ፤ ቀለሙ በጨው አየር ተልጦ የታችኛው ቀለም፣ ከዚያም በታች ያለው ይታያል። በሩ ጠባብ ነው፤ መጋረጃ ተጥሎበታል። መጋረጃው ሲገለጥ ቤት ውስጥ አይገባም፣ ግቢ ውስጥ ነው የሚገባው። ዙሪያውን የተደረደሩ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቤተሰብ ነው። መሐሉ ላይ የውኃ በርሜል፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ሽንት ቤት ለሁሉም። የክፍሎቹ ወለል ከግቢው በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃው እዚያ ድረስ እንደሚሞላ ያወቀ እጅ ነው የሠራው። ጣውላው ከላይ፣ ከጣራው ሥር፣ ክፍተት ይተውለታል፤ ለነፋስ። ወረቀቱን የያዘው ባለ ግቢ ልጆቹ ሲያገቡ አንድ ክፍል ይጨምራል፣ ሲቸግረው አንድ ክፍል ያከራያል፤ እንዲህ ሲባል ግቢው እየጠበበ ይሄዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከመሐል አገር የሚነሣው ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ ከቆርቆሮ ሥር የሚተኛ የለም። አልጋው ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ መንገድ ይወጣል። የካርቲየ ሰው በሙቀቱ ወራት የሚኖረው ደጅ ነው፤ ቤቱ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል።

ጣውላ ጠላቱ እሳት ነው። የከሰል ፍም፣ ኩራዝ፣ ኋላ ደግሞ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተጎተተ የኤሌክትሪክ ሽቦ አንዱን ክፍል ሲያነድ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀው ሁሉ ይከተላል። ተቃጥሎ የተሠራ፣ ደግሞ የተቃጠለ ግቢ በየካርቲየው አለ። ከቃጠሎ በኋላም የሚሠራው በዚያው በጣውላ ነው፤ ወረቀቱ አልተለወጠማ።

1920ዎቹና 30ዎቹ ለጅቡቲ የኢትዮጵያ በር የመሆን ዘመን ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1924 አውሮፓን ሊጎበኙ የተሳፈሩት ከዚያ ነው። በ1930 ለንግሥናቸው የመጡት የውጭ እንግዶች፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ጭምር፣ ባቡር የያዙት ከዚያ ነው። እንግዶቹ የሚያዩት ባለ ቅስቱን በረንዳ ነበር፤ በመካከሉ ሙቀትና ዝንብ ይላሉ፣ ከአደባባዩ ወዲያ እምብዛም አይዘልቁም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው አዲስ አበባን ለቀው በባቡር ወረዱ፤ በማግስቱ ጅቡቲ ገቡ፣ በሦስተኛው ቀን የእንግሊዝ የጦር መርከብ «ኢንተርፕራይዝ» ይዟቸው ወጣ። ንጉሡ ሲሄዱ ተከትሎ የወረደው ሰው ሁሉ መርከብ አላገኘም። ከጣሊያን የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጅቡቲ ቀሩ። ባለ ሥልጣን የነበረው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራየ፤ ሌላው ኪሱ የሚፈቅድለት የጣውላው ክፍል ነበር። ለካርቲየው ይህ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ስደተኛ ማዕበል ነው። የመጨረሻው እንዳልሆነ እናያለን።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰፈሩን በረሃብ ነካው። ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ የጅቡቲ አስተዳደር ከቪሺ መንግሥት ጎን ቆመ፤ እንግሊዞች በባሕርም በየብስም ዘጉባት። ከተማዋ እጇን ሳትሰጥ እስከ ታኅሣሥ 1942 ተዘግታ ቆየች። ባቡሩ ቆመ። ከሰው ትከሻ ሌላ ንብረት ለሌለው ለወደብ ሠራተኛ፣ መርከብ የማይመጣበት ወደብ ማለት ምድጃ የማይነድበት ቤት ነው። ከየመን የሚመጡ ትናንሽ ጀልባዎች በሌሊት እህል እያሾለኩ ያስገቡ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1949 ጅቡቲ ነጻ ወደብ ተባለች፤ የራሷም ፍራንክ ከዶላር ጋር ተቆራኝቶ ወጣላት። ሥራ በዛ፤ ሰውም በዛ። ካርቲየ 1 ሲሞላ ወደ ደቡብ፣ ወደ አምቡሊ፣ ሌሎቹ ቁጥሮች እየሞሉ ሄዱ። የመጀመሪያው ቁጥር ግን ለወደቡ፣ ለጣቢያውና ለገበያው የቀረበው ስለነበር ክፍል ለማግኘት የሚሻሙት እሱን ነው። በእግር ሥራ የሚደርስ ሰው የአውቶቡስ ሳንቲም አይከፍልም፤ ለድሃ የቤት ዋጋ የሚሰላው እንዲህ ነው።

ነሐሴ 19 ቀን 1958 ዓ.ም. ጄኔራል ደ ጎል ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ጅቡቲ አረፉ። የጠበቃቸው ጭብጨባ አልነበረም፤ ነጻነት የሚል መፈክር ከየካርቲየው ወጥቶ አደባባዩን ሞላው። ፖሊስና ወታደር ተኮሰ፤ ሰው ሞተ። ደ ጎል አዲስ አበባ ላይ በክብር ሲቀበሏቸው የጅቡቲ ሰፈሮች በወታደር ተከበው ነበር። ፈረንሳዮች ወዲያው ከተማዋን ከየብስ በኩል በሽቦ አጥር ዙሪያዋን አጠሩ፤ ፈንጂ የተቀበረበት፣ ጠባቂ የቆመበት። ስሙ «ባራዥ» ይባላል። ምክንያቱ፣ ሶማሌዎች ከውጭ እየገቡ ምርጫውን ይለውጡታል የሚል ነበር። በመጋቢት 1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግዛቱ ከፈረንሳይ ጋር ይቆይ የሚለው አሸነፈ ተባለ፤ ስሙም «የአፋርና የኢሳ ግዛት» ሆነ። ካርቲየዎቹ እንደገና ተናወጡ፣ ቤት ለቤት ተፈተሹ፣ ብዙ ሰው ተባረረ።

በዚያው ዓመት ሰኔ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ስዌዝን ዘጋው፤ እስከ 1975 አልተከፈተም። መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ። ወደቡ ባዶ ሆነ። አጥሩ ከውጭ፣ ሥራ አጥነቱ ከውስጥ፤ የካርቲየ 1 ግቢዎች በዚያ መሐል ነው ይበልጥ የተጨናነቁት። አጥሩን ማለፍ ያቃተው ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ፣ በጥቁሩ ድንጋይ ሜዳ ላይ፣ ያገኘውን አቁሞ ተቀመጠ። ባልባላ የተወለደው እንዲህ ነው። እኛ «የጨረቃ ቤት» የምንለው፣ ሌሊት ተሠርቶ ጠዋት የሚገኘው፣ ሙሉ ከተማ ሆነ። ካርቲየ 1 ቢያንስ ወረቀት አለው፤ ጊዜያዊም ቢሆን። ባልባላ ወረቀትም አልነበረውም።

ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ረምቦ አደባባይ የነጻነት ታጋዩ የማሐሙድ ሐርቢ አደባባይ ተባለ፣ ምኒልክ አደባባይ በነጻነቱ ቀን ስም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ «ሰኔ 27» ተባለ። ሰው ግን እስከ ዛሬ ረምቦና ምኒልክ ይላል፤ ታክሲ ነጂው በአዲሱ ስም ቢጠሩለት ወደ ኋላ ዞሮ ያያል።

የካርቲየው ቁጥር አልተለወጠም። የይዞታ ወረቀቱም አልተለወጠም። ይህን ሳስብ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፤ እኛም ዘንድ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ተወርሰው የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ተከራዩ ጣራው ሲያፈስስ ላስቲክ ከመጣል በቀር እጁን አያነሣም፣ ቤቱ የሱ አይደለማ። በአንዱ አገር ቅኝ ገዥ፣ በሌላው አብዮት፤ የግድግዳው መልክ ግን ተቀራረበ። ሰው የሱ ያልሆነውን ቤት አያንጽም፣ ይለጥፈዋል።

የነጻነቱ ወር የጦርነት ወር ነበር። በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያ ተዋጊዎች የባቡሩን ድልድዮች አፈረሱ፤ ሐዲዱ እስከሚቀጥለው ዓመት ተቋረጠ። ከወዲህ ቀይ ሽብር፣ ከወዲያ ጦርነት፤ ወጣቱ በእግሩ በረሃውን አቋርጦ ጅቡቲ ገባ። መንግሥት በዲኪልና በአሊ ሳቢየ የስደተኛ ጣቢያ አቆመ። ጣቢያ መቀመጥ ያልፈለገ፣ ወይም ያልተመዘገበ፣ ከተማ ውስጥ ተደበቀ፤ ለመደበቅ ደግሞ ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ ከሚኖርበት የተሻለ ቦታ የለም። ዛሬ ዋሺንግተን ወይም ቶሮንቶ ሸምግሎ የሚኖር ብዙ ኢትዮጵያዊ የስደቱን የመጀመሪያ ዓመት ያሳለፈው እንዲህ ባለ ክፍል ነው፤ ለአራት ተከራይቶ፣ አልጋ በተራ እየተኛ፣ ፖሊስ ሲመጣ በጣራ ወደ ጎረቤት እየተሻገረ፣ የሰፈራ ፎርሙን መልስ እየጠበቀ።

በ1991 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ከአሰብ በኩል ወታደሩ ከነቤተሰቡ ወደ ጅቡቲ ፈለሰ። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ፣ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞረ፤ ከባድ መኪና ነጂው ከከተማዋ ወጣ ብሎ 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ፒኬ 12 በሚባለው ቦታ ተደረደረ። ነጂው ፒኬ 12 ሲያድር፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጫማ ጠራጊው፣ ሰው ቤት የምትሠራው ወጣት ካርቲየ ገቡ። የቤት ሠራተኛዋን ጅቡቲዎች «ቦየስ» ይሏታል። በሳምንት አንድ ቀን ስታርፍ የምትሄደው ወደ አገሯ ልጆች ክፍል ነው፤ ቡና ይፈላል፣ እንጀራ ይቀርባል። ጎረቤቷ ሶማሌዋ ላሆህ ትጋግራለች፤ እንጀራና ላሆህ በአንድ ግቢ በሁለት ምጣድ ሲጋገሩ ሽታቸው አንድ ነው። ማዕዘን ላይ ደግሞ የመናዊው ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቆ በርበሬ ቀብቶ ከሸክላው ምድጃ ውስጥ ያንጠለጥለዋል።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ሰፈሩ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ጫት መጣ። በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ በፉርጎ ይወርድ ነበር፤ ኋላ በአውሮፕላን፣ በመኪና። ሻጮቹ ሴቶች ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጠረጴዛቸውን ይዘረጋሉ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉም ይጣደፋል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። የአወዳይ ገበሬ ጠዋት የቆረጠው ቀንበጥ ከሰዓት ካርቲየ 1 ይቃማል፤ ይህን ያህል በሰዓቱ የሚደርስ ሌላ ዕቃ በዚህ መስመር ላይ አላውቅም።

በ2003 ክረምት የጅቡቲ መንግሥት ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንዲወጣ አዘዘ፤ ቀኑ እስከ መስከረም አጋማሽ ተራዘመ። ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው በመኪና፣ በባቡር፣ በእግር ወጡ። ፍራሽ በገመድ ጠቅልሎ፣ ምጣድ በጆንያ ይዞ። በየግቢው ብዙ ክፍል ተቆልፎ የቀረበት ጊዜ ነው፤ ባለ ግቢው ኪራይ አጣ፣ እመቤቲቱ ቦየስ አጣች፣ ግንበኛው የሚያቀብለው አጣ። ከዚያ ቀስ በቀስ የሄደው ተመለሰ፣ ያልመጣው መጣ። ክፍል ባዶ አይከርምም።

በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ በ2004፣ አምቡሊ ሞልቶ ወጣ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከሃምሳ በላይ ሰው ገደለ። በ1989ና በ1994ም ጎርፉ መጥቶ ነበር። በኅዳር 2019 ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ተባለ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ድሮ «ለቀረው ሰው» የተተወው መሬት ምንነቱን ያሳያል። ውኃው የሚሄድበት የለውም፤ ባሕሩ እኩል ነው፣ መሬቱ ጠግቧል፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ከጎርፉ ጋር ይቀላቀላል። ሰዎች ፍራሹን ጣራ ላይ ሰቅለው፣ ልጆቹን የድንጋይ ቤት ካለው ዘመድ ዘንድ አስቀምጠው፣ በባልዲ እየቀዱ ወደ መንገድ ይደፋሉ። መንገዱ ደግሞ መልሶ ያስገባዋል።

ከኢትዮጵያ የሚመጣው ነገር በነዚህ ዓመታት መልኩን ለወጠ። በ2011 የኤሌክትሪክ መስመሩ ተገናኘ፤ በካርቲየው ግቢ የሚዞረው ማራገቢያ በከፊል በኛ ወንዝ ኃይል መዞር ጀመረ። በ2017 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ሐዲጋላ አካባቢ፣ ከተቆፈረ ጉድጓድ በቧንቧ ውኃ ወደ ጅቡቲ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ጥር አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጅቡቲ ተመረቀ። አሮጌው ሐዲድ ከዚያ በፊት ዓመታት ጸጥ ብሎ ዝጎ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ግን ናጋድ ነው፣ ከከተማው ውጭ። ድሮ ከባቡር የወረደ ሰው ሻንጣውን በራሱ ላይ አድርጎ በእግሩ በንደር ጀዲድ ይገባል፤ ዛሬ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ይዞ፣ ዋጋ ተከራክሮ ነው። የሰፈሩ ትልቁ ሀብት ለጣቢያ ቅርብ መሆኑ ነበር፤ ጣቢያው ትቶት ሄደ።

በ2009 በተደረገው ቆጠራ ጅቡቲ ከተማ ብቻዋን 475,322 ሰው ነበራት፤ አገሪቱ በጠቅላላ 818,159። ከሁለት ሰው ከአንድ በላይ የከተማዋ ኗሪ ነው። መንግሥት በ2018 ግድም «ዜሮ ቢዶንቪል» የሚል ዘመቻ አወጀ። ቢዶንቪል ማለት የጣሳ ከተማ ነው። ገንዘቡና ፕላኑ በብዛት ወደ ባልባላ ሄደ፤ መንገድ፣ የፍሳሽ ቦይ፣ አዲስ ብሎኮች። ለአሮጌዎቹ ካርቲየዎች መድረሻው ዘገየ። አንዱ ምክንያት እዚያው ያለው ወረቀት ነው፤ በአንድ ግቢ ላይ የአያት ስም፣ ስድስት ወራሽ፣ ዘጠኝ ተከራይ ባለበት ማን ፈርሞ ማን ይነሣል?

ባለ ግቢዎቹ ግን ራሳቸው ጀምረውታል። ከጣውላው ግድግዳ ጎን አንድ ሰሞን ብሎኬት ይራገፋል፤ ጣውላው ሳይፈርስ ከውስጥ በኩል ግንቡ ይነሣል፣ ግንቡ ጣራ ሲደርስ የጣውላው ልብስ ይገፈፋል። የተገፈፈው ጣውላ አይጣልም፣ ሌላ ጎረቤት ሽንት ቤቱን ይከልልበታል። በአዲሱ ቤት ጣራ ላይ የፌሮ ጫፎች ወደ ሰማይ እንደቆሙ ቀርተዋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ለመጨመር ገንዘብ እስኪገኝ። እስከዚያው ድረስ እመቤቲቱ ከፌሮ ወደ ፌሮ ገመድ አሥራ ልብስ ታሰጣበታለች፤ ማታ ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ ፍራሹ ወደዚያው ይወጣል።